የአማርኛ ድረ ገጽ፦ በፍለጋ እንዲገኝ፣ በፍጥነት እንዲከፈት

ቀደም ባሉት ዓመታት በዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ጠበቃ፣ ታክስ የሚሠራ ባለሙያ፣ የሠርግ አዳራሽ ወይም እንጀራ የሚሸጥ ሱቅ ሲፈልግ «ኢትዮጵያን የሎው ፔጅስ» የተሰኘውን ወፍራም ማውጫ ያገላብጥ ነበር። ስሙ በማውጫው ያልሰፈረ ነጋዴ ለከተማው እንግዳ ለሆነ ሰው እንደሌለ ይቆጠር ነበር። ዛሬ የማውጫውን ቦታ በአብዛኛው የወሰደው በእጅ ስልክ ላይ ያለው የመፈለጊያ ሣጥን ነው። መሣሪያው ቢለወጥም ሕጉ አልተለወጠም፤ ተፈልጎ ያልተገኘ ነገር ዛሬም እንደሌለ ይቆጠራል።

ልዩነቱ ግን አንድ ነው። በመጽሐፍ ማውጫ ውስጥ ለመግባት ስምንና ስልክ ቁጥርን ማስመዝገብ ይበቃ ነበር። በፍለጋ ሞተር ዘንድ ለመገኘት ግን ገጹ በማሽን የሚነበብ፣ ስለ ምን እንደተጻፈ በግልጽ የሚናገርና አንባቢው ሳይሰለች የሚከፈት መሆን አለበት። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሚዘጋጁ የአማርኛ ድረ ገጾች ደግሞ ተጨማሪ ፈተና አለባቸው። የሚጻፉት ከላቲን በተለየ ፊደል ነው፤ አንባቢዎቻቸውም ከጎረቤት መንደር ጀምሮ እስከ ባሕር ዳር፣ ዱባይ፣ ስቶክሆልምና ጆሃንስበርግ ድረስ ተበትነው ይኖራሉ።

ይህ ጽሑፍ ሁለት ጥያቄዎችን ይመረምራል። አንድ የአማርኛ ገጽ በፍለጋ እንዲገኝ ባለቤቱ በገጹ ውስጥ ምን ማስተካከል ይችላል? ገጹ ከተገኘ በኋላስ በሩቅ ላለው አንባቢ ፈጥኖ እንዲከፈት ምን ያስፈልጋል?

የፍለጋ ሞተር ገጽን እንዴት ያነባል?

የፍለጋ ሞተር ሥራ በሦስት ደረጃዎች ይከፈላል። የመጀመሪያው ጉብኝት ነው። ሮቦት የሚባሉ ፕሮግራሞች ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው የሚያደርሱትን ሊንኮች እየተከተሉ ድረ ገጾችን ይጎበኛሉ። ሁለተኛው ምዝገባ ነው። በየገጹ የተገኘው ጽሑፍ በመጽሐፍ መጨረሻ እንደሚገኝ የቃላት ማውጫ በየቃሉ ተለይቶ ይመዘገባል። ሦስተኛው ደርድሮ ማቅረብ ነው። አንድ ሰው ቃል ሲጽፍ ሞተሩ ከተመዘገቡት መካከል ለጥያቄው ይስማማሉ ያላቸውን ገጾች በቅደም ተከተል ያሰልፋል።

እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው ጎግል ከቀደሙት የተለየበት አንዱ ምክንያት ሌሎች ገጾች የሚሰጡትን ሊንክ እንደ ምስክርነት መቁጠሩ ነበር። ምስክርነቱ የሚመጣው ከውጭ ስለሆነ ባለቤቱ እንደ ልቡ አያዝዘውም። ርዕሱ፣ ጽሑፉ፣ ፎቶዎቹ፣ አድራሻውና ፍጥነቱ ግን በእጁ ናቸው። የገጽ ውስጥ ማስተካከያ የሚባለውም ይኸው በባለቤቱ እጅ ያለው ክፍል ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። ጎግል አንድን ገጽ የሚመዘግበው በኮምፒውተር ላይ በሚታየው መልኩ ሳይሆን በእጅ ስልክ ላይ በሚታየው መልኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የተደረገው ይህ ለውጥ በ2023 ተጠናቋል። ስለዚህ በኮምፒውተር ላይ ሙሉ ሆኖ፣ በስልክ ላይ ግን «ቦታ ለመቆጠብ» ተብሎ የተቀነሰ ጽሑፍ ለፍለጋ ሞተሩ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

ፊደሉ ፊደል ሆኖ ይጻፍ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አማርኛን በኢንተርኔት ላይ ማውጣት ራሱን የቻለ ትግል ነበር። የግዕዝ ፊደል ሶፍትዌሮች ለየሆሄው የሚሰጡት ቁጥር የየራሳቸው ነበር። በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ ጽሑፍ ያው ፎንት ባልተጫነበት ኮምፒውተር ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይታያል። በዚያን ዘመን ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የግዕዝን ሆሄያት በተራ የላቲን ፊደላት ወክሎ ለመላላክ የሚያስችል ሥርዓት ያዘጋጁት ይህን ችግር ለማቃለል ነበር። ሌሎች አዘጋጆች ደግሞ ጽሑፉን እንደ ፎቶ አንሥተው መለጠፍን መረጡ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው 3ኛው የዩኒኮድ እትም ሆሄያትን፣ ቁጥሮችንና ሥርዓተ ነጥቦችን ጨምሮ 345 የግዕዝ ምልክቶችን በዓለም አቀፉ መዝገብ ውስጥ አስገባ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ሆሄ አንድ ቋሚ ቁጥር አለው። በአሌክሳንድሪያ የተጻፈ «ሀ» በጎንደርም «ሀ» ነው፤ ለፍለጋ ሮቦቱም ያው «ሀ» ነው።

ይሁን እንጂ ፎቶ የመለጠፉ ልማድ እስከ ዛሬ አልቀረም። የበዓል ጥሪ፣ የማኅበር ስብሰባ፣ የመጽሐፍ ምረቃ፣ የሐዘን መግለጫ ሁሉ በሚያምር ቀለምና ጌጥ ተዘጋጅቶ እንደ ፎቶ ይወጣል። ጽሑፉ በምስሉ ውስጥ ስለታሰረ ስሙም ቀኑም ቦታውም በፍለጋ ለመገኘት ያለው ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው። የተቃኙ ጋዜጦችና መጻሕፍትም እንዲሁ ናቸው። ከዓመታት በኋላ የአንድን ማኅበር ታሪክ ወይም የአንድን ሰው ሥራ ለማጥናት የሚነሣ ሰው ፍለጋው ባዶ ሆኖ ቢመለስ፣ ሰነዱ ጠፍቶ ሳይሆን በፎቶ ውስጥ ተዘግቶበት ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፎቶው እንዳለ ይለጠፍ፤ ከሥሩ ግን ዋናው መረጃ በጽሑፍ ይቀመጥ። ለየፎቶው የሚሰጠው አማራጭ ጽሑፍም መሞላት አለበት። ይህ በአንባቢው ዓይን የማይታይ አጭር መግለጫ ለፍለጋ ሮቦቱ ምስሉ ምን እንደሆነ ይነግራል፤ ከዚህም በላይ ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙበት ማንበቢያ ፕሮግራም ድምፅ የሚሰጠው ለእርሱ ነው። «ምስል 1» ማለት ለማንም አይጠቅምም። «በሲልቨር ስፕሪንግ በተከበረው የዘመን መለወጫ በዓል አደይ አበባ የያዙ ልጆች» ማለት ግን ለሁሉም ይጠቅማል።

የገጹን ቋንቋ በኮዱ ላይ ማወጅም አይዘንጋ። የአማርኛ ምልክት «ኤ» እና «ኤም» የሚባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ናቸው። ብዙ ድረ ገጾች በተዘጋጀ ቅርጽ ላይ ስለሚገነቡ ጽሑፉ አማርኛ ሆኖ ሳለ ኮዱ ግን «እንግሊዝኛ» እንዳለ ይቀራል። ጎግል የገጹን ቋንቋ የሚለየው ከሚነበበው ጽሑፍ ነው፤ ለማንበቢያ ፕሮግራሞችና ለአሳሾች ግን አዋጁ ወሳኝ ነው።

ርዕስ፣ መግለጫና አድራሻ

በፍለጋ ውጤት ላይ መጀመሪያ የሚታየው የገጹ ርዕስ ነው። በአንድ ድረ ገጽ ውስጥ ያሉት ገጾች ሁሉ «እንኳን ደህና መጡ» ወይም «መነሻ ገጽ» የሚል ርዕስ ከያዙ፣ ሰውም ማሽንም አንዱን ከሌላው ሊለይ አይችልም። ለምሳሌ በጆርጂያ ጎዳና ላይ እንጀራና ቅመም የሚሸጥ አንድ ሱቅ አለ እንበል። የገጹ ርዕስ የሱቁ ስም ብቻ ቢሆን የሚያገኘው ስሙን አስቀድሞ የሚያውቅ ደንበኛ ብቻ ነው። «እንጀራ፣ በርበሬና ቅመማ ቅመም፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ» የሚል ቢሆን ግን ስሙን ጨርሶ የማያውቅ፣ ትናንት ወደ አካባቢው የመጣ ሰውም ሊደርስበት ይችላል።

የፍለጋ ውጤት ሰሌዳ ረጅም ርዕስን በስፋቱ ልክ ይቆርጣል። ስለዚህ ዋናው ቃል ከርዕሱ መጀመሪያ አካባቢ እንዲውል ይመከራል። በገጹ ውስጥም አንድ ዋና ርዕስ፣ ከእርሱም በታች ንዑስ ርዕሶች በደረጃቸው መቀመጥ አለባቸው። ፊደልን አወፍሮ ርዕስ ማስመሰልና በኮድ ርዕስ መሆኑን ማሳወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ማሽኑ የሚያውቀው ሁለተኛውን ነው።

ከርዕሱ ቀጥሎ አጭር መግለጫ አለ። ጎግል ይህን መግለጫ ለደረጃ አሰጣጥ ባይጠቀምበትም ብዙ ጊዜ ከርዕሱ ሥር ያሳየዋል። አንባቢውን የሚጋብዘው እርሱ ስለሆነ ለየገጹ ለብቻው ሊጻፍለት ይገባል። በአንጻሩ «ቁልፍ ቃላት» በሚባለው የተሰወረ ሣጥን ውስጥ ቃላትን መደርደር ዋጋ የለውም። ጎግል ሣጥኑን ለደረጃ አሰጣጥ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 አስታውቋል። በጽሑፉ ውስጥ አንድን ቃል ያለ ልክ መደጋገምም ገጹን ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም።

የገጹ አድራሻ ለአማርኛ ጸሐፊ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ሆሄ 3 ባይት ይይዛል። ሆሄው በአድራሻ ውስጥ ሲገባና አድራሻው ተገልብጦ በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ሲላክ፣ እያንዳንዱ ባይት በ3 ምልክቶች ሊተካ ይችላል። አንድ ሆሄ 9 ምልክት ሆነ ማለት ነው፤ 20 ሆሄያት ያሉት ርዕስ 180 ምልክት የሚረዝም፣ ለሰው ትርጉም የማይሰጥ ሰንሰለት ይሆናል። የፍለጋ ሞተሮች በግዕዝ የተጻፈ አድራሻን ይቀበላሉ። ሊንኩን ለሰው ለመላክ ግን አጭር የላቲን አጻጻፍ ይቀላል። አንድ ጊዜ የወጣ አድራሻ ያለ ምክንያት መለወጥ የለበትም። መለወጡ ግድ ከሆነም አሮጌው ወደ አዲሱ በቋሚነት እንዲመራ መደረግ አለበት፤ አለበለዚያ በዓመታት የተሰበሰበው ምስክርነት ሁሉ ይባክናል።

የገጹ ባለቤት የንግድ ቤት ከሆነ ስሙን፣ አድራሻውን፣ ስልኩንና የሥራ ሰዓቱን ማሽን በሚያውቀው ሥርዓት ማስቀመጥ ይጠቅመዋል። ለዚህ የሚያገለግለውን የጋራ መዝገበ ቃላት ጎግል፣ ቢንግና ያሁ እ.ኤ.አ. በ2011 በጋራ አውጥተዋል። በዚያ መልክ የተጻፈ መረጃ ሱቁ እሑድ ክፍት መሆን አለመሆኑን ማሽኑ ሳይገምት እንዲያውቅ ያደርገዋል።

የሞክሼ ሆሄያት ፈተና

የአማርኛ ፊደል አንድ ድምፅ ያላቸው የተለያዩ ሆሄያት አሉት። «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፣ «ሰ፣ ሠ»፣ «አ፣ ዐ»፣ «ጸ፣ ፀ» ሲነበቡ አንድ ናቸው፤ ለማሽን ግን የተለያየ ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ችግሩ ምን ያህል እንደሆነ በአንድ ታዋቂ ስም ማየት ይቻላል። «ኃይለ ሥላሴ» በሚለው ስም የመጀመሪያው ሆሄ «ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ» ተብሎ በ6 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። «ሥ» በ2፣ «ሴ» ም በ2 መንገድ ይጻፋሉ። 6 በ2፣ እንደገና በ2 ሲባዛ 24 ይሆናል። ሁለቱን ቃላት አጣብቆ የሚጽፍም ስላለ ቁጥሩ 48 ይደርሳል። አንባቢው «ሀይለስላሴ» ብሎ የፈለገውን ጸሐፊው «ኃይለ ሥላሴ» ብሎ ጽፎት ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ሁሉንም አጻጻፍ በገጹ ላይ መዘርዘር አይደለም፤ ያ አንባቢን ያደናግራል፣ የቋንቋውንም ክብር ይነካል። ይልቁንም ሦስት ነገሮች ይጠቅማሉ። አንደኛ፣ የዝግጅት ክፍሉ ለስሞችና ለተደጋጋሚ ቃላት አንድ የተወሰነ አጻጻፍ መርጦ በሁሉም ገጽ ላይ ሊከተል ይገባል። ሁለተኛ፣ ድረ ገጹ የራሱ የመፈለጊያ ሣጥን ካለው፣ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ሆሄ መልሶ እንዲያነጻጽር በቀላል ኮድ ማሠራት ይቻላል። ይህ በጽሑፉ ላይ አንዲት ሆሄ አይለውጥም፤ «አለም» ብሎ የጻፈ አንባቢ ግን «ዓለም» የሚለውንም ያገኛል። ሦስተኛ፣ የሰው፣ የቦታና የድርጅት ስም በላቲን ፊደልም አንድ ጊዜ ቢጠቀስ በውጭ የተወለዱ፣ አማርኛን የሚሰሙ ነገር ግን በግዕዝ ፊደል መጻፍ የማይሆንላቸው ወጣቶች ሊያገኙት ይችላሉ።

የአማርኛ ሰዋስው ሌላ ነገር ይጨምርበታል። ቃሉ መስተዋድዱን ከራሱ ጋር አጣብቆ ይሄዳል፦ «እንጀራ፣ በእንጀራ፣ የእንጀራ፣ እንጀራችን፣ እንጀራውን»። ለተናጋሪው ሁሉም አንድ ቃል ናቸው፤ በምልክት ሲነጻጸሩ ግን ይለያያሉ። ስለዚህ ዋናው ቃል ቢያንስ በርዕሱ ወይም በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ቅጥያ ሳይጨመርበት ባዶውን ቢጻፍ ይመረጣል።

የቦታ ስምም ጥንቃቄ ይሻል። ለአማርኛ አንባቢ «እስክንድርያ» ሲባል ቀድማ ወደ ልብ የምትመጣው በግብፅ ያለችው ጥንታዊት ከተማ ናት። በቨርጂኒያ ያለውን ቢሮውን በዚህ ስም የጻፈ ድርጅት ራሱን ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጽሑፎች ጋር አሰልፏል ማለት ነው። «አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ» ብሎ ከነክፍለ ግዛቱ መጻፍ ግርታውን ያስወግዳል።

ለባለቤቱ ፈጣን፣ ለአንባቢው ቀርፋፋ

ከዋሽንግተን በስተ ምዕራብ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ የሚገኘው የአሽበርን አካባቢ በዓለም ላይ የመረጃ ማዕከላት በብዛት ከተከማቹባቸው ስፍራዎች ግንባር ቀደሙ ነው። በአሜሪካ ተከራይቶ የሚሠራ ድረ ገጽ ሰርቨሩ በዚያ የመገኘቱ ዕድል ከፍተኛ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ከአሌክሳንድሪያ አሽበርን ድረስ በቀጥታ መስመር 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም።

ስሕተቱ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። የድረ ገጹ ባለቤት ሥራውን የሚፈትነው ቢሮው ተቀምጦ፣ በፈጣን መስመር፣ ከሰርቨሩ ደጃፍ ሆኖ ነው። ገጹ በቅጽበት ይከፈትለታል፤ «ፈጣን ነው» ብሎም ይደመድማል። አዲስ አበባ ያለው አንባቢ ግን ከዚያ ሰርቨር በቀጥታ መስመር ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ይርቃል።

በመስታወት ገመድ ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህ ስሌት መልእክት ከአዲስ አበባ ቨርጂኒያ ደርሶ ለመመለስ ቢያንስ 115 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ይህ ገመዱ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ከባሕር ሥር ገመዶች ጋር የምትገናኘው በጎረቤት አገሮች፣ በተለይም በጅቡቲ በኩል ነው፤ እውነተኛው መንገድም ከዚህ ይረዝማል።

አንድ ደርሶ መልስ ብቻውን ብዙ ላይመስል ይችላል። ነገር ግን ስልኩና ሰርቨሩ መጀመሪያ ይተዋወቃሉ፤ ቀጥሎ ደህንነቱ የተጠበቀ ግንኙነት ይመሠርታሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ገጹ የሚጠየቀው። ይህ በትንሹ ሦስት ደርሶ መልስ ነው፦ 3 ጊዜ 115፣ 345 ሚሊ ሰከንድ። አንባቢው የተጫነው አሮጌ ሊንክ ደህንነቱ ካልተጠበቀው አድራሻ ወደ ተጠበቀው የሚመራ ከሆነ ሁለት ደርሶ መልስ ይጨመርና ጊዜው 575 ሚሊ ሰከንድ ይደርሳል። እስካሁን አንዲት ፊደል አልደረሰችም።

ከዚያም በኋላ ሰርቨሩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይለቅም። መስመሩ ምን ያህል እንደሚችል እስኪያውቅ ድረስ በመጀመሪያው ዙር የሚልከው በተለምዶ 14 ኪሎ ባይት ያህል ነው፤ በየዙሩ መጠኑን እያሳደገ ይሄዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው የገጹ ክፍል ቀላል በሆነ መጠን ደርሶ መልሱ ይቀንሳል።

ርቀቱን ማሳጠር ባይቻልም የገጹን ቅጂ ወደ አንባቢው ማቅረብ ይቻላል። የይዘት ማከፋፈያ መረብ የሚባለው አገልግሎት የገጹን ቅጂ በተለያዩ አህጉራት በሚገኙ ሰርቨሮቹ ላይ ያስቀምጣል፤ አንባቢውም ቅርቡ ካለው ይወስዳል። አንዳንዶቹ አገልግሎቶች ለአነስተኛ ድረ ገጽ ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። በተጨማሪም የማይለዋወጡ ፋይሎች፣ ማለትም አርማ፣ ፎንትና የቅርጽ ፋይሎች፣ በአንባቢው ስልክ ላይ ለረጅም ጊዜ እንዲቆዩ ማዘዝ ይቻላል። እንዲህ ከሆነ በሁለተኛው ጉብኝት እንደገና አይወርዱም።

የገጹ ክብደት

በርካታ የአማርኛ ገጾችን የሚያከብደው ጽሑፉ አይደለም። 10,000 ሆሄያት ያሉት ረጅም ጽሑፍ በ3 ባይት ስሌት 30 ኪሎ ባይት ብቻ ነው፤ ሰርቨሩ ጨምቆ ሲልከው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ከባዱ ጭነት ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ፎንትና ከውጭ የሚጠሩ ኮዶች ናቸው።

በዘመናዊ ስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ 4 ሜጋ ባይት ሊመዝን ይችላል። በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት በሚያወርድ መስመር ይህ ፎቶ ብቻውን 16 ሰከንድ ይፈጃል። ያው ፎቶ ለስልክ በሚበቃ ስፋት ተቀንሶ፣ ዌብፒ በተባለው የምስል ዓይነት ተጨምቆ 150 ኪሎ ባይት ቢሆን ግን 0.6 ሰከንድ ይበቃዋል። ዓይን ልዩነቱን ብዙም አይለየውም፤ የአንባቢው ኪስ ግን ይለየዋል። ዳታ በሜጋ ባይት ገዝቶ ለሚያነብ ሰው እያንዳንዱ ያልተጨመቀ ፎቶ ከኪሱ የሚወጣ ብር ነው። በአንድ ገጽ ላይ እንዲህ ያሉ አሥር ፎቶዎች ካሉ አንባቢው አንድ ዜና ለማንበብ 40 ሜጋ ባይት ከፈለ ማለት ነው።

በገጹ ታችኛው ክፍል ያሉ ፎቶዎች አንባቢው እስኪደርስባቸው ድረስ እንዳይወርዱ ማዘዝ በአንድ ቃል ኮድ የሚፈጸም ነው። ከላይ ያለው ዋናው ፎቶ ግን እንዲዘገይ መደረግ የለበትም። የፎቶዎቹ ስፋትና ቁመት በኮዱ ላይ መጻፉም ግድ ነው። ካልተጻፈ ፎቶው ዘግይቶ ሲመጣ ጽሑፉን ወደ ታች ይገፋዋል፤ አንባቢው ሊጫን ያሰበውን ሊንክ ስቶ ሌላውን ይጫናል።

የቴሌቪዥን ፕሮግራም የሚያቀርቡ ድረ ገጾች የዩቲዩብ ማጫወቻን በገጹ ላይ መደርደር ያዘወትራሉ። ተመልካቹ አንዱንም ባይከፍት እንኳ እያንዳንዱ ማጫወቻ ብዙ ኮድ ይዞ ይወርዳል። መጀመሪያ የቪዲዮውን ፎቶ ብቻ አሳይቶ፣ ማጫወቻውን ሲጫኑት ብቻ ማምጣት ይሻላል። ከየቪዲዮው ሥር የንግግሩን ፍሬ ነገር በጥቂት አንቀጽ መጻፍ ደግሞ ሁለት ጥቅም አለው፦ የፍለጋ ሞተሩ የሚያነበው ጽሑፍ ያገኛል፤ ቪዲዮ ለመክፈት ዳታ ያጠረው ሰውም ዋናውን ነገር ሳያጣ ይቀራል።

ፎንት ለግዕዝ ፊደል ልዩ ጉዳይ ነው። እንግሊዝኛ በትልቁና በትንሹ 52 ፊደላት ሲበቁት፣ የአማርኛ መደበኛ ሆሄያት 33 በ7 ተባዝተው 231 ናቸው፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከዚያም ይበልጣሉ። በዚህ ምክንያት የግዕዝ ፎንት ፋይል ይከብዳል። አንዳንድ ድረ ገጽ ለርዕስ አንድ፣ ለጽሑፍ ሌላ፣ ለደማቅ ፊደል ሦስተኛ ፎንት ያወርዳል። ፎንቱ እስኪደርስም አሳሹ ጽሑፉን እስከ ሦስት ሰከንድ ሊሰውረው ይችላል፤ አንባቢው ጽሑፉ ወርዶ ሳለ ባዶ ገጽ ይመለከታል ማለት ነው። አብዛኞቹ የዘመኑ ስልኮችና ኮምፒውተሮች የግዕዝ ፎንት ይዘው ስለሚመጡ በእርሱ መጠቀም ከሁሉ የቀለለ ነው። የተለየ መልክ ካስፈለገ አንድ ፎንት ይበቃል። እርሱም የማያስፈልጉት ምልክቶች ተቀንሰውለት፣ በተጨመቀ ዓይነት ተቀምጦ፣ እስኪደርስ ድረስ ጽሑፉ በስልኩ ፎንት እንዲታይ መታዘዝ አለበት።

መለካትና ቅደም ተከተል

ፍጥነት በግምት አይታወቅም፤ ይለካል። ጎግል ለአንባቢው ምቾት ሦስት መለኪያዎች አሉት። በገጹ ላይ ትልቁ ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ መታየት አለበት። አንባቢው ሲጫን ገጹ በ200 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። የገጹ መናጋት ደግሞ ከ0.1 መብለጥ የለበትም። እነዚህ መለኪያዎች ተሟሉ የሚባለው ቢያንስ ከመቶው 75 ጉብኝት ሲሟሉ ነው። ጥቂት ፈጣን ስልኮች ብቻ ስለሞከሩት ገጹ አያልፍም።

ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ የተባለው ነፃ መሣሪያ የገጹን አድራሻ ተቀብሎ ችግሮቹን ይዘረዝራል። ሰርች ኮንሶል ደግሞ ሰዎች በየትኞቹ ቃላት ፈልገው ወደ ገጹ እንደመጡ ያሳያል። ለአማርኛ አዘጋጅ ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ አንባቢው «ዓለም» ብሎ ይሁን «አለም» ብሎ እንደሚፈልግ ከግምት ሳይሆን ከመዝገብ ያውቃል። ከሁሉ የሚቀድመው ፈተና ግን ያለ ምንም መሣሪያ የሚደረግ ነው፦ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ያለ ዘመድ በተራ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ገጹን ከፍቶ እስኪታይ ድረስ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ እንዲቆጥር መጠየቅ።

ጎግል ፍጥነትን ለደረጃ አሰጣጥ ከሚጠቀምባቸው ምልክቶች መካከል ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ በ2018 ደግሞ በእጅ ስልክ ለሚደረግ ፍለጋም አስፋፍቶታል። ያም ሆኖ ለጥያቄው የሚስማማ ጥሩ ይዘት ያለው ገጽ ቢዘገይም ከፍ ብሎ ሊወጣ እንደሚችል ኩባንያው ራሱ ገልጿል። ፍጥነት ባዶ ገጽን አያድንም፤ ጥሩ ጽሑፍ ግን በቀርፋፋ ገጽ ላይ አንባቢ ሊያጣ ይችላል።

አቅሙ ለተወሰነ ድርጅት የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ቢሆን ይመከራል፦

1. በፎቶ ውስጥ የታሰረውን መረጃ በጽሑፍ ማውጣት፤
2. ለየገጹ የራሱን ርዕስና መግለጫ መስጠት፤
3. ፎቶዎችን መቀነስና መጨመቅ፤
4. የማያስፈልጉ ፎንቶችን፣ ማጫወቻዎችንና ተጨማሪ ኮዶችን ማስወገድ፤
5. የገጹን ቅጂ በማከፋፈያ መረብ ወደ አንባቢው ማቅረብ፤
6. ለስሞችና ለቃላት አንድ አጻጻፍ ወስኖ መጠበቅ፤
7. ከለውጡ በፊትና በኋላ መለካት።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የፕሮግራመር እጅ የማይጠይቁ፣ ትዕግሥት ያለው ጸሐፊ ሊፈጽማቸው የሚችሉ ናቸው።

የግዕዝ ፊደል በብራና ከመጻፍ ወደ ማተሚያ ቤት፣ ከማተሚያ ቤትም ወደ ኮምፒውተር የተሻገረው በብዙ ድካም ነው። ያ ድካም ፍሬ የሚያፈራው የተጻፈው ነገር ሲገኝና ሲነበብ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ አንድ አዘጋጅ ማምሻውን ፎቶዎቹን ቀንሶ፣ ርዕሱን አስተካክሎ፣ በምስል የነበረውን ጽሑፍ መልሶ ቢጽፍ፣ በማግሥቱ ደሴ ላይ ጥቂት ዳታ የቀረው ተማሪ ያንን ገጽ ፈልጎ ያገኘዋል፤ ዳታው ሳያልቅበትም አንብቦ ይጨርሰዋል።